ባህር የማያየውን አዋሽ በካርታ መተረክ፦ በኪውጂአይኤስ ከባዶ ስክሪን እስከ ፕሪንት

በራሴ ውርደት ልጀምር። የዛሬ ጥቂት አመት አንድ መስሪያ ቤት ለስብሰባ ሚሆን የአዋሽ ተፋሰስ ካርታ ስራልን አለኝና ሁለት ሳምንት እንቅልፍ አጥቼ ሰራሁ፣ ወንዙ አለ ገባሩ አለ መንገዱ አለ የወረዳ ወሰን አለ የአፈር አይነት በ14 ቀለም አለ የዝናብ መስመር አለ፣ ሌጀንዱ (የምልክቶቹ መግለጫ) ብቻውን የወረቀቱን ሲሶ በልቶታል። ፕሮጀክተር ላይ ሲወጣ እኔ ደረቴን ነፍቼ ቆሜያለሁ። አንድ ሸምገል ያሉ ሰውዬ መነፅራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉት፣ መልሰው አረጉትና "ልጄ ጎበዝ ነህ፣ ቆንጆ ነው፣ ግን ምን ሆነ ነው ምትለን?" አሉኝ። ምን ልበል? ምንም አላልኩም፣ ቀጣዩን ስላይድ ከፈትኩ።

እዚህ ምፅፈው ያንኑ ካርታ ከዛ በኋላ እንደገና እንዴት እንደሰራሁት ነው። ሶፍትዌሩ ኪውጂአይኤስ የሚባል የካርታ መስሪያ ነው፣ ነፃ ነው፣ ላይሰንስ ምናምን የለም። ኮምፒውተር ላይ ፋይል መክፈትና ማስቀመጥ ከቻላችሁ ትከተሉኛላችሁ፣ ጂአይኤስ (ካርታና የቦታ ዳታ በኮምፒውተር የሚሰራበት ሙያ) ተምራችሁ ሌየር (አንዱ ባንዱ ላይ የሚነባበር የዳታ ንጣፍ) እየደራረባችሁ ለምትሰሩት ደግሞ በተለይ ለናንተ ነው፣ እኛ ነን ችግር ያለብን።

አንደኛ፦ ሶፍትዌሩን ሳትከፍቱ አንድ አረፍተ ነገር ፃፉ

ግስ ያለው አረፍተ ነገር። "የአዋሽ ተፋሰስ ካርታ" አረፍተ ነገር አይደለም፣ የፋይል ስም ነው። የኔ እንዲህ ይላል፦ አዋሽ ከጊንጪ አካባቢ ተነስቶ ወደ 1200 ኪሎሜትር ይሄድና ባህር ሊደርስ 100 ኪሎሜትር ገደማ ሲቀረው አፋር ውስጥ ያልቃል። በቃ ይሄ ነው ታሪኩ። አባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል እንላለን አይደል፣ አዋሽ ደግሞ የሱ ግልባጭ ነው፣ ከቤት አይወጣም፣ ሲደክመው እዛው ድንበር ጫፍ ላይ አቤ ሐይቅ ውስጥ ይተኛል።

አረፍተ ነገሩን በወረቀት ፅፋችሁ ስክሪኑ ጫፍ ላይ ለጥፉት። ከዛ በኋላ ሌየር በጨመራችሁ ቁጥር "አንተ ለዚች አረፍተ ነገር ምን ታረግላታለህ?" ብላችሁ ትጠይቁታላችሁ፣ መልስ ከሌለው ይወጣል። የወረዳ ወሰን? ወንዙ ወረዳ አያውቅም፣ ይውጣ። የአፈር አይነት? ደስ ይላል ግን ሌላ ካርታ ነው። በነገራችን ላይ ወሰን የግድ ሚያስፈልጋችሁ ሌላ ስራ ላይ ከሆናችሁ የወረደው ፋይል የመቼ እንደሆነ ሳታዩ እንዳትጠቀሙ፣ ሲዳማ በ2020፣ ደቡብ ምዕራብ በ2021፣ ማዕከላዊ ኢትዮጵያና ደቡብ ኢትዮጵያ በ2023 ናቸው ክልል የሆኑት፣ አመቶቹ በፈረንጅ ናቸው፣ እስካሁን "ደቡብ ክልል" የሚል ካርታ ኢንተርኔት ላይ ይዞራል።

ከዛ እስክሪብቶ አንሱና በእጅ ሳሉት። ቀልድ አይደለም። ፍራ ማውሮ የሚባለው የቬኒስ መነኩሴ በፈረንጅ በ1450 ገደማ ትልቁን የአለም ካርታ ሲሰራ የኛን አገር ክፍል ያገኘው ከሐበሻ መነኮሳት ነው፣ አውራጃውን ከተማውን ወንዙን በገዛ እጃቸው ስለውልኝ ነው ብሎ ራሱ ካርታው ላይ ፅፏል። ጂፒኤስ አልነበራቸውም፣ ግን ምኑ ከምኑ ቀጥሎ እንደሚመጣ ያውቁ ነበር። እናንተም ከላይ ከግራ ጀምራችሁ አንድ መስመር ጣሉ፦ ጊንጪ፣ ወደ ደቡብ ምስራቅ ወርዶ ቆቃ፣ እዛ ጋ ይታጠፍና በስምጥ ሸለቆው ወደ ሰሜን ምስራቅ፣ መተሃራ፣ አዋሽ ሰባት፣ ከዛ ወደ ላይ ወደ ላይ ሄዶ ተንዳሆ ጋ ወደ ምስራቅ ዞሮ አሳይታ፣ አቤ። ቅርፁ የተኛ ማጭድ ነው ሚመስለው። ይቺ ንድፍ ዝም ብላ አይደለም፣ ወረቀቱ ላይ ባዶ ቦታ የት እንደሚተርፍ ትነግራችኋለች። ከማጭዱ ሆድ ውስጥ ትልቅ ባዶ ቦታ አለ፣ አርእስቱም ፅሁፉም እዛ ይገባል።

ሁለተኛ፦ ዳታ

ኪውጂአይኤስን ከራሱ ድረገፅ ስታወርዱ "ሎንግ ተርም ሪሊዝ" የሚለውን ውሰዱ፣ አዲሱ ፊቸር አያጓጓችሁ፣ እሱ ነው ማይረብሸው። ፋይሉ ከባድ ስለሆነ ማታ ኔት ሲቀል ለቃችሁት ተኙ።

ለዚህ ካርታ አራት ነገር ብቻ ነው ያወረድኩት። ለአገር ድንበርና ለባህሩ ናቹራል ኧርዝ፣ ነፃ ነው ለማንም ክፍት ነው፣ 1 ለ10 ሚሊዮን የሚለው ይበቃል። ለከተሞች ኦፕንስትሪትማፕ፣ ኩዊክኦኤስኤም የሚል ፕለጊን አለ፣ አስገብታችሁ ትጎትታላችሁ፣ ግን ጅቡቲን ጨምሮ መቶ ምናምን ከተማ ያመጣላችኋል፣ ሰባት ታስቀራላችሁ። ለከፍታ ኤስአርቲኤም፣ ኢንዴቨር የምትባለዋ የጠፈር መንኮራኩር በየካቲት 2000 በፈረንጅ በ11 ቀን የለካችው። ለወንዙ ደግሞ ሃይድሮሪቨርስ የሚባለው የአለም ወንዞች ዳታ።

ከፍታው ላይ አንድ ነገር ልበል፣ ሁሉም ሰው 30 ሜትሩን (አንዷ ነጥብ መሬት ላይ 30 ሜትር የሆነችውን) ያወርድና ላፕቶፑን ያቃጥላል። እስቲ እናስላው፣ ተፋሰሱን ኤ3 ወረቀት ላይ ስናሳርፈው ስኬሉ 1 ለ1.6 ሚሊዮን አካባቢ ይመጣል፣ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ስናትመው ወረቀቱ ላይ አንዷ ነጥብ መሬት ላይ 135 ሜትር ገደማ ማለት ናት። ስለዚህ የ90 ሜትሩ ዳታ ራሱ ከወረቀቱ ይበልጣል፣ 30 ሜትሩ ትርፉ ድካም ነው። ከፍታው በቁርጥራጭ ፋይል ነው ሚወርደው፣ ቁርጥራጮቹን "ቢልድ ቨርቹዋል ራስተር" በሚለው አንድ ላይ ስፉት፣ ቦታ አይበላም።

ሃይድሮሪቨርስ የአፍሪካው ፋይል ጉድ ነው፣ ስትከፍቱት አህጉሩ የደም ስር ይመስላል። አትደንግጡ። አዋሽ ላይ አንዷን መስመር ክሊክ አርጉና አትሪቢውቷን እዩ፣ ዋናውን ወንዝ የሚያሳይ አንድ መለያ ቁጥር አለ፣ የአዋሽ ገባር በሙሉ ያንን ቁጥር ይጋራል፣ በሱ ፊልተር ስታረጉ ሌላው ሁሉ ይጠፋና አዋሽ ከነቤተሰቡ ብቻውን ይቀራል። ግንዱን ብቻ ለማግኘት ክላሲካል ኦርደር የሚለው ኮለም ላይ 1 የሆኑትን ምረጡ፣ ግን ላይኛው ጫፍ ላይ መነሻውን በአይናችሁ አረጋግጡ፣ ኮምፒውተሩ ግንድ ብሎ ሚመርጠው ሰፊ ቦታ የሚያፈሰውን ነው እንጂ ህዝቡ አዋሽ የሚለውን አይደለም። እዛው ሰንጠረዥ ውስጥ ኢንዶሬይክ የምትል ኮለም አለች፣ ለአዋሽ 1 ትላለች፣ ባህር የማይደርስ ማለት ነው። እኔ ያንን ሳየው ደስ አለኝ፣ ታሪኬ አንዲት ኮለም ውስጥ ቁጭ ብሎ እየጠበቀኝ ነበር።

አሁን የሼፕፋይል ነገር፣ የተለመደው የካርታ ዳታ ፋይል አይነት ማለት ነው። በአማርኛ ምትሰሩ ከሆነ ሼፕፋይል ተዉት፣ በጂኦፓኬጅ አስቀምጡ። ምክንያቱን ልንገራችሁ፣ ሼፕፋይል የኮለም ስም ከ10 ባይት በላይ አይቀበልም፣ አንድ የግእዝ ፊደል በዩቲኤፍ 8 (ኮምፒውተር ፊደል በሚያስቀምጥበት ኮድ) ደግሞ 3 ባይት ትበላለች፣ እና "የከተማ ስም" ብላችሁ ስትፅፉ የምትተርፋችሁ "የከተ" ናት። ይሄ ከገባችሁ እድለኛ ናችሁ፣ ኢንኮዲንጉ ከተበላሸ ደግሞ ሁሉም ነገር የጥያቄ ምልክት ሆኖ ነው ሚከፈተው። ፎልደሩንና የፋይሉን ስም ግን በእንግሊዝኛ ፊደል ያለ ክፍት ቦታ አርጉት፣ አንዳንድ ቱል በአማርኛ ስም ይደናበራል።

ሶስተኛ፦ ፕሮጀክሽን፣ አጭር ነው ግን አትዝለሉት

ፕሮጀክሽን ማለት ድቡልቡሏን መሬት ጠፍጣፋ ወረቀት ላይ ማሳረፊያ ዘዴ ነው። ታች በቀኝ ጥግ ያለችውን ቁጥር ክሊክ አርጉና ኢፒኤስጂ 32637 አስገቡ፣ ዩቲኤም ዞን 37 ሰሜን ነው፣ ከ36 እስከ 42 ዲግሪ ምስራቅ ይይዛል፣ አዋሽ ከነአቤ ሐይቁ እዚህ ውስጥ ይገባል። ከፍታውን ራስተር (በነጥብ በነጥብ የተሞላውን ፋይል) ደግሞ ፕሮጀክቱን ብቻ ሳይሆን ራሱን ፋይሉን ወደዚህ ቀይሩት። አለበለዚያ ሂልሼድ (የተራራውን ጥላ) ስትሰሩ ጎኑ በዲግሪ ቁመቱ በሜትር ስለሚሆን ተራራው ጥላሸት የተቀባ ሆኖ ይወጣል፣ "ምን ነካው" እያላችሁ ግማሽ ቀን ታጠፋላችሁ።

የድሮ ቶፖ ካርታ ስካን አርጋችሁ የምታስገቡ ካላችሁ፣ እነሱ አዲንዳን በሚባለው ዳተም (የልኬት መነሻ) ናቸው፣ ቁጥሩ 20137 ነው። ሳትቀይሩ ብትጭኑት ሁሉም ነገር ሁለት መቶ ሜትር ገደማ ይንሸራተታል፣ ድልድዩ ወንዙን ትቶ ማሳ ላይ ይቆማል።

አራተኛ፦ መሬቱን ማቅለም፣ እዚህ ጋ ቆም እንበል

ለከፍታ የተለመደው ቀለም ዝቅተኛው አረንጓዴ፣ ከፍተኛው ቡናማና ነጭ ነው። ይሄ ቀለም ቆላው ለምለም፣ ተራራው በረዶ ለሆነበት አገር ነው የተሰራው። አፋር ላይ ስትጭኑት ምን ይሆናል መሰላችሁ? ዱብቲና አሳይታ ዙሪያው ሁሉ ሳር የበቀለበት ሜዳ ይመስላል፣ ጊንጪና ወሊሶ በኩል ያለው ደጋ ደግሞ የተቃጠለ ቡናማ። አገሪቱ ተገልብጣለች! አንባቢያችሁ ካርታውን አይቶ "ታዲያ እንዲህ ለምለም ቦታ ደርሶ ወንዙ ለምን አለቀ?" ቢል ይፈረድበታል?

እኔ ያረኩት እንዲህ ነው። ከፍታውን "ሲንግልባንድ ሱዶከለር" አልኩ፣ ኢንተርፖሌሽኑን ከሊኒየር ወደ ዲስክሪት ቀየርኩ፣ ከዛ ማሽኑ የሚቆርጥልኝን ክፍል ትቼ አያቶቻችን የቆረጡትን አስገባሁ፦ እስከ 500 ሜትር በረሃ፣ እስከ 1500 ቆላ፣ እስከ 2300 ወይና ደጋ፣ እስከ 3200 ደጋ፣ ከዛ በላይ ውርጭ። ቁጥሩ ከመፅሀፍ መፅሀፍ ትንሽ ይለያያል፣ አንዱን ይዛችሁ ሂዱ። ቀለሙን ገለበጥኩት፣ በረሃው የገረጣ አሸዋ፣ ቆላው ትንሽ ጠቆር ያለ ገለባ፣ ወይና ደጋው የደረቀ ቅጠል፣ ደጋው ረጋ ያለ አረንጓዴ፣ ውርጩ ወደ ግራጫ። ውጤቱ ሌጀንድ አያስፈልገውም ማለት ይቻላል፣ ሐበሻ ቆላና ደጋ ሲባል ሙቀቱም እህሉም ልብሱም አብሮ ነው ሚታየው፣ "ከ1500 እስከ 2300 ሜትር" ብትሉት ግን ቁጥር ነው። ወንዙ ከደጋ ተነስቶ በረሃ ውስጥ ሲገባ ቀለሙ ራሱ ታሪኩን ግማሹን ጨረሰው።

ከዛ ሌየሩን ዱፕሊኬት አርጉና ላይኛውን ሂልሼድ አርጉት፣ ብሌንዲንግ ሞዱን መልቲፕላይ፣ ኦፓሲቲውን 30 ወይ 40 ፐርሰንት። ብርሃኑ ከሰሜን ምእራብ በ315 ዲግሪ ይመጣል፣ አትንኩት፣ ከደቡብ ብታመጡት አይን ይሸወድና ሸለቆው ተራራ መስሎ ይታያል፣ ስምጥ ሸለቆን ተራራ አርጎ ያቀረበ ካርታ አይቻለሁ።

አምስተኛ፦ ወንዙ

እዚህ ጋ ነው ዋናው ወጥመድ። ሁሉም ቱቶሪያል የወንዙን ውፍረት በስትሪም ኦርደር አስሩት ይላል፣ ገባር ሲጨመር ይወፍራል፣ በጣም ያምራል። እኔም አሰርኩት። ከዛ ወረቀቱን ሳየው አዋሽ ከጊንጪ ክር ሆኖ ይጀምርና አሳይታ ሲደርስ ገመድ ያክላል። አረፍተ ነገሬ "ያልቃል" ይላል፣ ካርታዬ "ጎለመሰ" እያለ ነው! ስትሪም ኦርደር ስንት ገባር እንደተቀላቀለ ነው ሚቆጥረው፣ ስንት እንደተጠለፈ፣ ስንት እንደተነነ አያውቅም።

ታዲያ ለምን ወደ ታች እያሳነስኩ አልስለውም አልኩ። ሞከርኩት፣ ቆንጆ ሆነ፣ ግን አጠፋሁት። ምክንያቱም ሰው ውፍረትን የውሃ መጠን አርጎ ነው ሚያነበው፣ እኔ ደግሞ በየኪሎሜትሩ የተለካ ዳታ በእጄ የለም፣ ከራሴ ፈጥሬ ባሳንስ ውሸት ነው፣ ያማረ ውሸት። መጨረሻ ላይ ግንዱን ከላይ እስከ ታች እኩል 1.2 ሚሊሜትር ጠቆር ባለ ሰማያዊ አረኩት፣ ገባሮቹን በ0.2 ሚሊሜትር ፈዘዝ አርጌ ከስር አስተኛሁዋቸው። መቀነሱን ለሌላ ነገር ሰጠሁት፣ ለማረፊያዎቹ።

ስድስተኛ፦ ማረፊያዎቹ

ረጅም መንገድ ሲተረክ የት የት እንዳረፈ ነው ሚነገረው። አዲስ የነጥብ ሌየር ፍጠሩ፣ ሁለት ኮለም፣ ስምና አንዲት አጭር ፅሁፍ። ከስምንት አይበልጥ፣ እኔ ስድስት ነው ያረኩት። ፅሁፉን ከፎቶ ስር እንደምትፅፉት አርጉት፣ እንደ ሪፖርት አይደለም።

ጊንጪ፣ ከ2500 ሜትር ከፍታ በላይ ይነሳል። አቃቂ፣ የአዲስ አበባን እድፍ ይዞ በአባ ሳሙኤል በኩል ይገባበታል። ቆቃ፣ ጣልያን በከፈለችው የጦርነት ካሳ ተገድቦ በፈረንጅ በ1960 ያለቀ፣ 43 ሜጋዋት። ወንጂ፣ በፈረንጅ ከ1954 ጀምሮ ሸንኮራ ይጠጣበታል። መተሃራ፣ በሰቃ ሐይቅ ጨዋማ ውሃውን እያሰፋ አጠገቡ ደርሷል፣ በፈረንጅ በ1960ዎቹ 3 ስኩዌር ኪሎሜትር ገደማ የነበረው ዛሬ ከ40 አልፏል። አቤ፣ 240 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያልቃል።

ሀዳርን አስገባሁ አወጣሁ፣ አስገባሁ አወጣሁ። ድንቅነሽ በህዳር 1974 በፈረንጅ የተገኘችው እዚሁ አዋሽ ሸለቆ ነው፣ ማን ይተዋታል? ግን አረፍተ ነገሩን ጠየቅኩት፣ ውሃው የት እንደሄደ ድንቅነሽ ምንም አትለኝም። አወጣኋት። እስካሁን ቅር ይለኛል።

ሰባተኛ፦ ፅሁፍና ፊደል

ከውጭ ቱቶሪያል የምትማሩ ሰዎች እዚህ ጋ ብቻችሁን ናችሁ። እነሱ አገር ውቅያኖስ በትልልቅ ፊደል፣ ከተማ በትንንሽ፣ ወንዝ በዘመም ፊደል ይላሉ። ግእዝ ትልቅና ትንሽ ፊደል የለውም፣ ዘመም የሚባልም በወጉ የለውም፣ ኢታሊክ ስትሉት ሶፍትዌሩ ፊደሉን ገፍቶ ያጋድመዋል፣ "ጨ" የሰከረች ትመስላለች። ስለዚህ ደረጃውን በሌላ ነገር አሳዩ። እኔ ውሃ የሆነ ስም በሙሉ ሰማያዊ ነው፣ ፊደሎቹንም ራቅ ራቅ አረኳቸው፣ ሌተር ስፔሲንግ የምትል ሳጥን አለች። ከተማ ጥቁርና ጠበቅ ያለ። ክልል ካስፈለገ ትልቅ ግን ፈዛዛ ግራጫ። ሶስት መጠን ብቻ፦ 9፣ 12፣ 18።

ፎንቱ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ይሁን ወይ አቢሲኒካ፣ ብቻ መጀመሪያ ፎንቱን ምረጡ፣ የላቲን ፎንት ላይ ትታችሁት ኮምፒውተራችሁ ከኋላ በሌላ ተክቶ ቢያሳያችሁ እንኳ ሌላ ማሽን ላይ ሳጥን ሳጥን ሆኖ ነው ሚከፈተው። ነጭ በፈር ዙሪያውን ስትሰጡ 0.6 ሚሊሜትር ይበቃል። ከ8 በታች አትውረዱ፣ ላቲን በ6 ይነበባል፣ "ጬ" እና "ቿ" በ6 ጉንዳን ናቸው።

የወንዙ ስም መስመሩን ተከትሎ እንዲጎብጥ ፕሌስመንቱን ከርቭድ አርጉ። "አዋሽ አዋሽ አዋሽ" እያለ በየቁራጩ ከደጋገመባችሁ ግንዱን ቀድማችሁ ዲዞልቭ አርጉት፣ አንድ መስመር ሲሆን ዝም ይላል። ሁለት ቦታ በቂ ነው፣ አንዱ ከቆቃ በላይ፣ አንዱ አፋር ውስጥ።

ስለ ስም ካነሳን፣ የአካባቢውን ስም ጠይቁ። አቤን አፋሮች አብሄ ባድ ነው ሚሉት፣ ባድ ደግሞ በአፋርኛ ባህር ማለት ነው። እና "ባህር ሊደርስ 100 ኪሎሜትር ሲቀረው" የሚለው አርእስቴ አንድ የአሳይታ ሰው ፊት ብዙም አያስኬደኝም፣ እነሱ ጋ ወንዙ ባህሩን አግኝቷል። ስሙን ከስር አነስ አርጌ ጨመርኩት።

ስምንተኛ፦ ሌይአውት

ኒው ፕሪንት ሌይአውት፣ ኤ3፣ ካርታው ሙሉውን ገፅ ይያዝ፣ ፍሬም ምናምን አትከርክሙበት። አርእስቱ ያ አረፍተ ነገር ነው፣ አጠር ተደርጎ፦ "አዋሽ፣ ባህር ሊደርስ 100 ኪሎሜትር ሲቀረው የሚያልቅ ወንዝ"። "የአዋሽ ወንዝ ተፋሰስ አካላዊ ካርታ" ብላችሁ ከፃፋችሁ ግን እኚያ ሽማግሌ ሰውዬ መነፅራቸውን ያወልቃሉ።

ሌጀንዱ ላይ አውቶ አፕዴት የምትለውን ምልክት አንሱና የማያስፈልገውን ሰርዙ፣ እኔ ጋ አምስቱ ከፍታዎች ብቻ ቀሩ። የሰሜን ቀስት? ሰሜኑ ወደ ላይ ከሆነ ግድ አይደለም፣ አለቃችሁ ካለ ግድ ነው፣ ትንሽ አርጋችሁ ጥግ ላይ ወርውሯት። ስኬል ባር ግን እዚህ ካርታ ላይ ጥቅም አለው፣ ስለ 100 ኪሎሜትር እያወራን ነው፣ ስለዚህ 100 ኪሎሜትር እንዲል አርጌ ከአቤና ከባህሩ አጠገብ አስቀመጥኩት፣ አንባቢው በጣቱ ለክቶ "ኧረ ይቺን ታክላለች?" እንዲል። ይሄን ክፍተት በቀጭን ነጠብጣብ መስመር ከአቤ እስከ ታጁራ ባህረ ሰላጤ አገናኘሁት፣ የሌለ ወንዝ ነው፣ ካርታው ላይ አይን የሚያርፈው እሱ ላይ ሆነ።

ከስር ቀጭን የከፍታ ፕሮፋይል ጨምሩ። ኪውጂአይኤስ ከ3.26 ጀምሮ ኤሌቬሽን ፕሮፋይል አለው፣ ወንዙን ተከትሎ መሬቱ እንዴት እንደሚወርድ በጎን ያሳያል፣ መጀመሪያ ላይ እንደ ገደል ከዛ በኋላ እንደ ጠረጴዛ። ከላይ ካርታ ከስር ፕሮፋይል ሲሆን ከ2500 ወደ 240 መውረዱ ሳይነገር ይታያል።

በመጨረሻ ቪው ውስጥ ፕሪቪው ሞድ አለ፣ የጥቁርና ነጭ ፎቶኮፒ ያስመስላችኋል፣ ቀለም የማይለይ ሰው እንዴት እንደሚያየውም ያሳያል። ሞክሩት፣ ምክንያቱም ካርታችሁ ከለር ፕሪንተር ያገኛል ብላችሁ አትመኑ፣ ቶነሩ ያለቀ ማሽን ላይ ነው ሚወጣው። በረሃውና ደጋው አንድ ግራጫ ከሆኑ አንዱን አደብዝዙት። ዳታው የማን እንደሆነ በትንሹ ፃፉ፣ ኦፕንስትሪትማፕ ግዴታው ነው። ለህትመት ፒዲኤፍ በ300 ዲፒአይ፣ ለቴሌግራም ደግሞ ምስል አርጋችሁ እንደ ፋይል ላኩት፣ እንደ ፎቶ ከላካችሁት ይጨምቀውና ፊደሉ ሁሉ ጭጋግ ይሆናል። ብዙው ሰው በስልክ ነው ሚያየው፣ ስለዚህ ከመላካችሁ በፊት በራሳችሁ ስልክ ክፈቱት፣ ሳታጎሉ አርእስቱ ካልተነበበ አሳድጉት።

ዘጠነኛ፦ አስር ሴኮንድ

ጂአይኤስ ለማያውቅ ሰው አሳዩት፣ አስር ሴኮንድ ቁጠሩና ደብቁት፣ "ምን አየህ?" በሉ። አታብራሩ፣ አትጠቁሙ፣ አፋችሁን ዝጉ፣ ከባዱ እሱ ነው። "ካርታ" ካለ ገና ናችሁ። "ኢትዮጵያ" ካለም ገና ናችሁ።

እኔ ለእናቴ ቡና እያፈላች ነው ያሳየኋት። ረከቦቱን ትታ አየችው፣ በጣቷ ከጊንጪ ጀምራ ተከተለችው፣ ቆቃ ጋ ታጠፈች፣ መተሃራን አለፈች፣ እየወረደች እየወረደች ጫፉ ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመና ነጠብጣቡን አየች። "ውይ፣ ትንሽ ነበር እኮ የቀረው" አለች። እኔ በውስጤ እስክስታ እየወረድኩ ነው። ከዛ ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብላ "ቆይ ግን፣ አቤ ማነው? አበበን ነው? እሱ ነው ውሃውን ሚወስደው?" አለችኝ።

ተመልሼ ገብቼ ሌብሉን "አቤ ሐይቅ" አልኩት።